ጅጅጋ በአንድ ድምፅ ያጸደቀችው ፊት

የጃማን ፊት አንድ ጊዜ ያየ መንገደኛ ዕቃውን ይዞ አያልፍም፤ እሱው ጋ ያስቀምጣል። ይህ በጅጅጋ መናኸሪያ እንደ ነፋሱና እንደ አቧራው የታወቀ ነገር ነው።

ፊቱ ያን ያህል የተለየ ሆኖ አይደለም። ዓይኖቹ ትልልቅና ዝግ ያሉ ናቸው፤ አንድ ነገር ላይ ካረፉ ለመነሣት እንደተጫነ ግመል ጊዜ ይወስዳሉ። ቅንድቦቹ ደግሞ መሐል ላይ ትንሽ ከፍ ብለው «አይዞህ፣ እኔ አለሁልህ» የሚሉ ይመስላሉ። ጃማ ግን እንደዚያ ማለቱ አይደለም። በዚያች ሰዓት የሚያስበው ካራማራ ተራራ ላይ ስለተቀመጠችው ደመና ነው። ትወርድ ይሆን ወይስ እዚያው ታድራለች?

ሥራው ከመናኸሪያው አጥር ሥር ቆሞ መኪና ላይ መጻፍና መሳል ነው። ሚኒባስ ጀርባ ላይ ጥቅስ፣ የጭነት መኪና ግንባር ላይ ስም፣ በር ላይ ግመል። ግመል የታዘዘ እንደሆነ ሽፋሽፍቱን ብቻ ስሎ እስኪጨርስ ባለመኪናው በሰው መኪና ሐረር ደርሶ፣ ዘመድ ጠይቆ፣ ታሞ፣ ድኖ ይመለሳል። ማንም አይቆጣውም። እዚያ ፊት ላይ መቆጣት አይቻልም።

ታዲያ የባቢሌው ሚኒባስ በሩን ሲከፍት ከሚወርዱት ሰዎች ግማሾቹ ዓይናቸውን ዙሪያ ገባውን አንከራትተው ጃማ ላይ ያሳርፋሉ። «ወንድሜ፣ አማና!» ይሉና ጆንያቸውን እግሩ ሥር አስቀምጠው ይጠፋሉ። አማና ማለት አደራ ነው፤ ግን ቃሉ አንዴ ከተጣለብህ «አልችልም» ብለህ የምትመልሰው አይደለም፤ ለሌላ ሰው አሳልፈህ የምትሰጠውም አይደለም። ባለቤቱ እስኪመጣ ትጠብቃለህ። ጃማ ቃሉን ሰምቶ፣ ገብቶት፣ ቀና እስኪል ባለጆንያው ታይዋን የሚሉት ገበያ ደርሷል። እኛ ፊት ለፊት ከተናኘ ሻይ ቤት የምንቀመጥ ሰዎች ስንቱን አየን! የጥጥ ፍራሽ፣ የሠርግ ኬክ፣ ቀፎ ከነንቡ። አንዷማ አማቷን አስቀምጣ ሄዳ ስትመለስ ቅር እያላት ነበር።

በኮሌጁ ሥነ ልቦና የሚያስተምረው ናሁሰናይ፣ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ ልጅ ነው፣ ነገሩን እንደ ጨዋታ አላለፈውም። የጃማን ፎቶ አነሣና ከሌሎች ሰዎች ፎቶ ጋር ቀላቅሎ ለተማሪዎቹ አሳየ። «የማታውቋቸው ሰዎች ናቸው። ሻንጣችሁን ለማን ትሰጣላችሁ?» ከጎዴ የመጣው፣ ከወሎ የመጣችው፣ እዚሁ የተወለደው፣ ስለ ምሳ እንኳ ተስማምተው የማያውቁ ልጆች፣ ሁሉም ጣታቸውን ጃማ ላይ ቀሰሩ። ኋላ የተቀመጠው እንቅልፋም ሳይቀር ነቅቶ ቀሰረና ተመልሶ ተኛ።

«ሰው እንግዳን በአፍታ አይቶ ሲፈርድ ይገርማችኋል፣ እርስ በርሱ ይስማማል» አለን ናሁሰናይ የወተት ሻሂውን እያማሰለ። «መስማማት ግን ልክ መሆን አይደለም። ሁሉም አንድ ላይ ሊሳሳት ይችላል።»

«ታዲያ በጃማ ልክ ናቸው ወይስ ተሳስተዋል?» አለች ተናኘ ከባንኮኒው ጀርባ።

«እሱን ገና አላጠናሁትም።»

«እኔ አጥንቼዋለሁ ቲቸር! አይሰርቅም፤ እስከዚያ ድረስ ልክ ናቸው። ግን ሻሂ አዝዞ፣ ደመና እያየ፣ ሳይጠጣ የሚሄድ ሰው ነው። 'ከሰዓት እመጣለሁ' ካለህ የትኛው ከሰዓት እንደሆነ አላህ ነው የሚያውቀው።»

እውነቷን ነው። ጃማን በአፍታ ያዩት ሁሉ ይስማማሉ፦ የሚታመን ሰው ነው። ጃማን የጠበቁት ሁሉም ይስማማሉ፦ አይመጣም። አንዲት ሴት ብቻ ከሁለቱም ወገን አልነበረችም።

ይህ የሆነው በ2012 መጨረሻ፣ ኮሮና ሁላችንንም ማስክ ያስለበሰን ጊዜ ነው። ለጃማ የነፃነት ዘመን ነበር። ሰው ሁሉ ዓይንና ቅንድብ ብቻ ሆኖ ሲቀር የእሱም ፊት እንደማንኛውም ሰው ፊት ሆነና ዕቃ የሚሰጠው ጠፋ። ሰውየው እጁን እያወዛወዘ በከተማው ተንሸራሸረ። ባዶ እጁ ቀለለውና ነፋሱ ይዞት እንዳይሄድ ሰጋንለት። መኪና ላይ የሚያስጽፍ ስላልነበረ ሳሙና በጫነ መኪና ላይ የቀን ሥራ ያዘና ሸደር፣ ስደተኞቹ ካሉበት መጠለያ ሄደ።

ሳዳ እዚያ የውኃ ቦታው ላይ ትሠራለች። ከማስኩ በላይ ሁለት ትልልቅ ዝግ ያሉ ዓይኖች የሳሙና ካርቶኖቹ ላይ አርፈው አልነሣ ሲሉ አየች። ቅንድቦቹ በኮፍያው ተሸፍነዋል። ወዲያው ፈረደች፦ ሌባ ነው።

«ዋሪያ! አንተ! ቦርሳህን ክፈት!»

ከፈተ። የባቢሌ ለውዝ ቅርፊትና የደረቀ ብሩሽ ወጣ።

«ታዲያ ሳሙናው ላይ ምን ያስፈጥጥሃል?»

«ጽሑፉን ነው የማየው። 'ሳ' ጎብጣለች። ያሳዝናል።»

ሳዳ ሳቀች። ሳቁን ጃማ ያየው በዓይኖቿ ብቻ ነው፤ የቀረውን ራሱ ሣለው። ከዚያ ወዲያ መኪናው በሄደ ቁጥር ከውኃው ቦታ ርቃ ካለች ግራር ሥር ቆመው ያወራሉ። ሜዳው እስከ ሰማይ ጫፍ ድረስ ቢጫ ነው፤ ነፋሱ ቃላቸውን ግማሹን ይወስድና ግማሹን ይተውላቸዋል። ሽንሌ ስለሚኖረው አጎቱ፣ እዚያ ስለሚያልፈው የባቡር ሐዲድ፣ ግመል ሲያልም ምን እንደሚያልም። እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ዘግይቶ ይመልሳል። አንድ ከሰዓት የግመል ወተት አመጣችና ለመጠጣት ማስካቸውን ዝቅ አደረጉ። ሁለቱም ደንገጥ ብለው ተፋፈሩ፤ ሰው ቤት ሳያንኳኩ የገቡ ይመስል። ፊቱን ስታይ ግን ምንም አዲስ ነገር አልሆነባትም። ሰውየውን አስቀድማ አውቃዋለች።

ማስኩ ወለቀ፣ ጃማ ወደ አጥሩ ተመለሰ፣ ጆንያውም ተመለሰ። ዓመት ሄዶ ዓመት ሲመጣ ከሳዳ ጋር በስልክ ተነጋግረው ጨረሱና ለትዳር አባቷን ሊጠይቅ ቀን ቆረጠ። አባቷ ሱጉሌ በወጣትነታቸው ባቡር ላይ የሠሩ፣ ሰዓት የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ሐሙስ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ሽማግሎቻቸውን ይዘው ከዛፍ ሥር ተቀመጡ። ጃማ አልመጣም፤ አንድ ሰው የጥጥ ፍራሽ በአማና ትቶበት ነበር። ሌላ ሐሙስ ተቀጠረ። በዚያኛው ደግሞ አንዲት እናት መንታዎቿን አስታቅፋው መድኃኒት ልትገዛ ሄደች። የሸደር መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ሲወጣ ጃማ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ይዞ ቆሞ ነበር። ሁለቱም ተኝተዋል። እዚያ ትከሻ ላይ ማን አይተኛም?

ሳዳ ደወለች። ተናኘ ስልኩን ከእጁ ነጥቃ ድምፁን ከፍ ስላደረገችው ሁላችንም ሰማን።

«አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ ሐሙስ እጠብቃለሁ ብሏል። ከቀረህ ስምህ በቤታችን አይነሣም። ጃማ፣ እኔ አምንሃለሁ። ግን እሱን ምን ብዬ ላሳምነው?»

ጃማ የዚያን ዕለት ደመና አላየም።

ሻይ ቤቱ ሁሉ ለዘመቻ ተነሣ። ዓላማው ፊቱን ማበላሸት ነው። ተናኘ ጥቁር መነጽር አደረገችለት፤ ከሚኒባሱ የወረዱት «ዓይኑን የታመመ ምስኪን፣ የታመመ ሰው አይዋሽም» ብለው ሁለት ጆንያ ጨመሩ። ናሁሰናይ ግንባሩን እንዲቋጥር አስተማረው፤ «ቁም ነገረኛ ነው» ብለው የጋዝ ሲሊንደር ተዉለት። ማስኩን መልሰን አለበስነው፤ አንድ አዛውንት ቆመው መረቁት። «በዚህ ጊዜ ለሰው ጤና የሚጨነቅ አንተን አየሁ ልጄ!» ብለው በግ አስያዙት። ያኔ እኮ ማስኩ የሠራው አገሩ ሁሉ ስለለበሰው ነው።

«ይኼ ፊት ወንጀል ቢሠራ እንኳ ፖሊሱ ሽጉጡን በአማና ይሰጠዋል» አለች ተናኘ ተስፋ ቆርጣ።

ሐሙስ ደረሰ። ጃማ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ከቤቱ እስከ መናኸሪያው መሬት መሬቱን እያየ መጣ። ዘመድ የሚባል ያ የሽንሌው አጎቱ ብቻ ነው፤ እሱም ከአልጋ አይነሣም። ስለዚህ ሽማግሌ ሆኖ አብሮት የሚሄደው ናሁሰናይ ነው፣ ጢሙ እንኳ በቅጡ ያልበቀለ ሽማግሌ። የሸደር መኪና ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው የባቢሌው ሚኒባስ በሩን ከፈተ። እኛ ከሻይ ቤቱ «አትይ! አትይ!» ብለን ጮኽን። ጃማ ማን እንደጠራው ለማየት ቀና አለ።

አለቀ። ኢዲል የምትባል ድምፀ ወፍራም ሴትዮ የፍየሏን ገመድ እጁ ላይ ጠመጠመችለት። «አማና ልጄ፣ ሳሙና ገዝቼ መጣሁ!» ቀጥሎ ካሳሁን የሚባል ወታደር፣ ከፈቃድ እየተመለሰ ነው፣ ሻንጣውን እግሩ ሥር አኖረ። ሦስተኛው አዲስ ሱቅ የሚከፍት ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ቁመቱን የሚያህል መስተዋት በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አስደገፈውና ባጃጅ ፍለጋ ሮጠ።

የሸደር መኪና ሞተሩን አስነሣ። ጃማ ፍየሏን አየ፣ መኪናውን አየ፣ ፍየሏን አየ።

«እኔ ልያዝልህ፣ ሂድ!» አለች ተናኘ ከሻይ ቤቱ እየሮጠች።

«የሰጡት ለእኔ ነው፣ ተናኜ።»

«ሳዳስ?»

ያን ጊዜ ጃማ በዕድሜው አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ቸኮለ። ፍየሏን በብብቱ፣ ሻንጣውን በትከሻው አደረገ፣ ናሁሰናይን መስተዋቱን አሸከመና መኪናው ውስጥ ገባ። «ሸደር ነኝ በያቸው!» ሲል ሰማነው። አማና ይዞ መሄድ በእኛ አገር ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ተናኘ ሽርጧን አፏ ላይ ያዘች።

ከዚህ በኋላ መንገድ ላይና ሸደር የሆነውን ከናሁሰናይ ነው የሰማነው።

መስተዋቱ ብርድ ልብሱ ተንሸራቶበት ጭኑ ላይ ቆሞ ነበር አለ። ሰማዩ በሙሉ ውስጡ ገባ። ደመና ከግራ መስኮት ይገባል፣ በተሳፋሪዎቹ ጉልበት ላይ ይንሳፈፋል፣ በቀኝ ይወጣል። ጨቅላ የታቀፈች ሴት ዝም ብላ እጇን ልትነክር ዘረጋች። መኪናው የሚሄድ አይመስልም ነበር፤ ሜዳው ነው በቀስታ ወደ ኋላ የሚፈሰው። በዚህ መሐል የጃማ ፊት ከደመናዎቹ ጋር መስተዋቱ ውስጥ መጣ። ራሱን ረጅም ጊዜ አየ።

«ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ ምኑ ነው የሚታመነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አቦ! እኔም ከተማው የገባሁ ቀን ሻንጣዬን የሰጠሁት ለእሱ ነው።»

መኪናው ሰው ሊያወርድ ሲቆም ፍየሏ ዘላ ወረደች። ተሳፋሪው ሁሉ «የዚህ ምስኪን ፍየል ጠፋች» ብሎ፣ ሾፌሩ ሳይቀር፣ ሜዳው ላይ ተበተነ። ስትያዝ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች።

ጅጅጋ ደግሞ ሦስቱ ባለዕቃዎች ተመልሰው ባዶውን አጥር አዩ። ተናኘ እየተንተባተበች ነገረቻቸው።

«ሄደ? ፍየሌን ይዞ?» አለች ኢዲል።

«ይዞ።»

እኛ ጆሯችንን ለጩኸት አዘጋጀን።

«ውኃ ሊያጠጣት ነው» አለች ኢዲል።

«ሸደር ድረስ?»

«ጥሩ ውኃ ፈልጎላት ነዋ!»

«በሠራዊቱ ስንት ዓይነት ሰው አይቻለሁ» አለ ካሳሁን። «ያ ሰው አይሸሽም።»

«የእኔ እንጀራ የሰው ፊት ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ፊት እኔን አይዋሸኝም።»

«ይህን ያህል ካመናችሁት ቁጭ ብላችሁ ሻሂ ጠጡ እንግዲህ!» አለች ተናኘ። ሦስቱም ይህን ሲሰሙ መኪና ለመከራየት እየተገፋፉ ሮጡ።

ሸደር ላይ ሱጉሌ ከዛፉ ሥር ተነሥተው ምርኩዛቸውን ይዘዋል። ሽማግሎቻቸውም ልብሳቸውን እያራገፉ ነው። ጃማ ፍየል አቅፎ፣ አቧራ ለብሶ፣ ከኋላው ሰማይ የተሸከመ አስተማሪ አስከትሎ ብቅ አለ። ሱጉሌ እንግዳውን አስተማሪ አክብረው በአማርኛ ተናገሩ።

«ይህ ምንድን ነው? ሽምግልና ነው ወይስ ገበያ?»

«አማና ነው፣ አደር» አለ ጃማ፤ አደር አጎት ማለት ነው፣ ታላቅ ሰው የሚከበርበት። «ዛሬ ጥዬው መምጣት አልቻልኩም። እሱን ብዬ መቅረትም አልቻልኩም።»

«ሽማግሎችህስ የታሉ? ይህ ልጅ ነው?»

ናሁሰናይ ጢሙን ለመነካካት ሞከረ፤ አጣው። በዚህ ጊዜ ባለዕቃዎቹን የያዘው መኪና አቧራውን እየጎተተ ደረሰ። ኢዲል ገና ሳይቆም ወረደች።

«እሱ ነው! አላልኳችሁም? ፍየሌ እንኳ ወፍራለች!»

ሱጉሌ መጤዎቹን ከላይ እስከ ታች አዩ። የልጁ ወገኖች ዘግይተው የደረሱ መሰላቸው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ስለዚህ ሰው ምን ትላላችሁ?»

«ወላሂ፣ ከወርቅ የጠራ ነው» አለች ኢዲል።

«ታማኝ ነው አባባ» አለ ካሳሁን።

«እንዲህ ያለ ሰው አይገኝም» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

የሱጉሌ ሽማግሎች እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ አንድ አፍ የሆኑ ወገኖች አይተው አያውቁም።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቁታላችሁ?»

«ከቀትር ጀምሮ» አለች ኢዲል ሳታፍር። «የዛሬ።»

ሽማግሎቹ ሳቁ። ሱጉሌ አልሳቁም።

«እናንተ ለአፍታ አያችሁትና ተስማማችሁ። እኔ ደግሞ ከእነዚህ ሰዎች ጋር እዚህ ዛፍ ሥር ስጠብቀው ዋልኩ፣ እኛም ተስማማን። አንተ ልጅ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። ልጄን ምጥ ቢይዛት፣ በዚያው ቀን መንገደኛ ፍየል ቢያስይዝህ፣ የት ትሆናለህ?»

ጃማ ማሰብ ጀመረ። ሲያስብ ጊዜ እንደሚወስድ እናውቃለን፤ እዚያ ያሉት ግን አያውቁም። ናሁሰናይ በዚያች ዝምታ ውስጥ ያረጀሁ መሰለኝ ብሎናል። ከቤቱ ደጃፍ ሳዳ ወጣች።

«አባ፣ እኔ ልመልስ?»

ሱጉሌ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እነዚህ ሰዎች ፊቱን አይተው አመኑት። እኔ ፊቱን ሳላይ ነው ሌባ ያልኩት፤ ቦርሳውን ያስፈተሽኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀስ በቀስ ነው ሐሳቤን የለወጥኩት። እሱም ሳይሰለች ነው ያስለወጠኝ። ምጥ ቢይዘኝ ፍየሏን ይዟት ይመጣል። ይዘገያል። ይመጣል ግን። እኔ በዚህ እስማማለሁ።»

«ጃማ?» አሉ ሱጉሌ።

«ፍየሏ ልጅ ያላት ከሆነች ልጇንም ይዤ እመጣለሁ፣ አደር» አለ ጃማ። መልሱ ያኔ ነበር የደረሰው።

ሱጉሌ ምርኩዛቸውን ዛፉ ላይ አስደገፉት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሽማግሎቹ ያለቀሱ መሰላቸው፤ እየሳቁ ነበር።

«እሰጠዋለሁ። ግን ሸደር ይኖራል። አጥር ሥር አይቆምም። እዚህ ያሉ ሰዎች ፊቱን ሳይሆን ሰውየውን ይልመዱት። በሉ ወገኖቹ፣ ተቀመጡና ዱዓ እናድርግ።»

ወገኖቹ ተያዩ። ከዚያ ኢዲል ቀድማ ተቀመጠች፤ ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ። ካሳሁን ቆቡን አውልቆ ከናሁሰናይ ጎን ራሱን ዝቅ አደረገ። እጆች ተዘረጉ። ሜዳው ወርቅ መስሎ ዝም ብሏል።

ዱዓው እንዳለቀ ሱጉሌ ሠርጉ ቀጣዩ ረቡዕ ሳምንት ይሁን አሉ።

«ኧረ አይሆንም!» አለች ኢዲል። «ረቡዕ ባቢሌ ገበያ አለኝ።»

«እኔ ተረኛ ነኝ» አለ ካሳሁን።

«ሱቄን በዚያ ሳምንት ነው የምከፍተው» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«የሠርጉ ቀን ለእናንተ ምናችሁ ነው?» አሉ ሱጉሌ ግራ ገብቷቸው።

«እንዴት ምናችን!» ኢዲል ተነሥታ ወገቧን ያዘች። «ልጁን እኛ ድረን እኛ እንቅር? እሑድ ይሁን! እሑድም ከመሸ አንመጣም፣ መንገዱ ሩቅ ነው!»

ክርክሩ ጦፈ። ሱጉሌ አንድ ቀን ሲሉ ሦስቱ በአንድ ድምፅ እምቢ ይላሉ። ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። ጃማ ከሁሉም ጀርባ እንደቆመ ነበር፣ መቀመጡን ረስቶ፣ ዓይኖቹ ሳዳ ላይ አርፈው። እሷ አጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ በእጇ አሳየችው። ትንሽ ቆይቶ ተቀመጠ።